ነጩ ከየት መጣ? የመካከለኛው ዘመን እስላማዊ ጎድጓዳ ሳህኖችን ደረጃ በደረጃ የመመርመሪያ መመሪያ

ቡና የምንጠጣበትን ትንሽ ነጭ ዕቃ ሲኒ ብለን እንጠራዋለን። ቃሉ የተወረሰው በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ከሆነው «ሲኒ» ነው፤ የቻይና ነጭ ሸክላ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ባሉ አገሮች ሁሉ ምን ያህል ይፈለግ እንደ ነበር ይህ አንድ ቃል ይመሰክራል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ኢራቅ የምትገኘው የባስራ ከተማ ሸክላ ሠሪዎች ይህን ነጭ ዕቃ ሲያዩ እጅግ ወደዱት። ነገር ግን ቻይናውያን የሚጠቀሙበት ነጭ አፈር በአገራቸው አልነበረም፤ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚደርስ የመተኮሻ ምድጃም አልነበራቸውም። ስለዚህ ወደ ነጩ የሚያደርስ የራሳቸውን መንገድ ፈለጉ፤ ከእነርሱ በኋላ በምሥራቅ ኢራን ያለችው የኒሻፑርና በመካከለኛው እስያ ያለችው የሰመርቃንድ ሰዎች ሌላ መንገድ አገኙ፤ የግብፅ፣ የሶርያና የኢራኗ ከተማ የካሻን ባለሙያዎች ደግሞ ሦስተኛውን አገኙ።

በሳህኖቹ ላይ የምናየው ጌጥ ሁሉ፣ ጽሑፉም ሥዕሉም ወርቃማው ነጸብራቅም፣ ነጩ በተገኘበት መንገድ የሚወሰን ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ምክንያት የመመሪያው መነሻ የሳህኑን ጌጥ ማድነቅ አይደለም፤ «ነጩ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ በትክክል የመለሰ ሰው የሳህኑን ዘመንና አገር በአብዛኛው ሊገምት ይችላል፤ በጌጡ ብቻ የሚጀምር ግን በቀላሉ ይሳሳታል።

ከመጀመርዎ በፊት

በለንደን የሚኖር አንባቢ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምን ወይም የብሪታንያ ሙዚየምን፣ በዋሽንግተን የሚኖር ፍሪር ጋለሪን፣ በኒው ዮርክ የሚኖር ሜትሮፖሊታን ሙዚየምን፣ በኢየሩሳሌም የሚኖር የኤል ኤ ማየር የእስላማዊ ጥበብ ሙዚየምን፣ በዶሃ የሚኖር የእስላማዊ ጥበብ ሙዚየምን በቅርብ ያገኛል። ከእነዚህ ርቆ የሚኖር ደግሞ ከእነርሱ ብዙዎቹ በድረ ገጻቸው ያስቀመጧቸውን ፎቶግራፎች አጉልቶ መመርመር ይችላል፤ የሳህኑን ግርጌ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ካለ በመጀመሪያ እርሱን ይክፈቱ።

ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይያዙ፤ በሙዚየም ውስጥ ቀለም የሚያንጠባጥብ ብዕር ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ሳህኑን በእጅ የማንሳት ዕድል ካገኙ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ፣ ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ጨርቅ ያንጥፉ፣ ሳህኑንም በሁለት እጅ ከሥሩ ደግፈው ይያዙ። በከንፈሩ ይዞ ማንሳት ፈጽሞ አይገባም፤ ብዙዎቹ ሳህኖች ከስብርባሪ ተገጣጥመው የተጠገኑ ስለሆኑ አሮጌው ማጣበቂያ በድንገት ሊለቅ ይችላል።

ሦስት ቃላትን በአንድ ትርጉም ብቻ እጠቀማለሁ። «ገላ» ስል ሳህኑ የተሠራበትን ሸክላ ራሱን ማለቴ ነው። «ቅብ» ስል ሳህኑ ከመተኮሱ በፊት የሚቀባውን፣ በውኃ የቀጠነ አፈር ማለቴ ነው። «ልባስ» ስል ደግሞ በምድጃ እሳት ቀልጦ ገጹን እንደ መስታወት የሚሸፍነውን ንብር ማለቴ ነው። የአገራችን ጀበናና ድስት በልማድ እንዲህ ያለ ልባስ ስለማይደረግላቸው፣ ገላንና ልባስን ለይቶ ማየት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ልምምድ ይጠይቃል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ግርጌውንና ስብራቱን ይመልከቱ

የሳህኑ ውስጠኛ ገጽ የተሠራው ዓይንን እንዲስብ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወደዚያ አይሂዱ። ከመስታወቱ ሳጥን ፊት ጎንበስ ብለው የሳህኑን ውጭና ግርጌ ይመልከቱ። ልባሱ ብዙውን ጊዜ እስከ ታች አይደርስም። ሸክላ ሠሪው ቀልጦ የሚወርደው ልባስ ሳህኑን ከምድጃው መደርደሪያ ጋር እንዳያጣብቀው ሲል ከግርጌው በላይ ያቆመዋል፤ ከዚያ በታች እርቃኑን የቀረው ክፍል የገላውን እውነተኛ ቀለም ያሳያል። ከንፈሩ ላይ የተሸረፈ ቦታ ካለም ያው ማስረጃ ነው፤ እንዲያውም የልባሱንና የቅቡን ንብርብር በጎን ስለሚያሳይ ከግርጌው ይበልጣል።

የሚያዩት ገላ በአብዛኛው ከሦስት ዓይነት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ደቃቅና ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈዛዛ ሸክላ ሲሆን፣ የኢራቅ በተለይም የባስራ ሥራ መለያ ነው። ሁለተኛው ወደ ቀይ ወይም ወደ ቡኒ የሚያደላ የተለመደ ሸክላ ነው፤ በምሥራቅ ኢራንና በመካከለኛው እስያ፣ እንዲሁም በብዙ ሌሎች ቦታዎች ይገኛል። ሦስተኛው ነጭ ወይም ነጭ ሊባል የሚችል፣ ስብራቱ እንደ ስኳር ድንጋይ ሸካራ ሆኖ የሚታይ ገላ ነው። ይህ ሦስተኛው ከተለመደው የሸክላ አፈር የተበጀ አይደለም፤ ምንነቱን በሚቀጥለው ደረጃ እገልጻለሁ።

የግርጌውን ቅርጽም ይመዝግቡ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የባስራ ሳህኖች ዝቅ ያለ የግርጌ ቀለበትና ወደ ውጭ በዝግታ የሚዘረጋ ግድግዳ አላቸው፤ ቅርጹ የቻይናውን ነጭ ሳህን የተከተለ ነው። የኒሻፑርና የሰመርቃንድ ሳህኖች ግርጌ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ወይም በመሐሉ ጥቂት የጎደጎደ ነው። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን በካሻን በተሠሩት ላይ ደግሞ ከፍ ያለ የግርጌ ቀለበትና ከእርሱ በላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ወፍራም የልባስ ጠብታ ይታያል።

ደረጃ 2፦ ነጩ ከየት እንደ መጣ ይወስኑ

የመመሪያው ልብ ይህ ደረጃ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። የሳህኑ ገጽ ነጭ ከሆነ ነጭነቱ ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ይገኛል፤ ከልባሱ፣ ከልባሱ በታች ካለው ቅብ፣ ወይም ከገላው ከራሱ።

ነጭነቱ ከልባሱ ከሆነ የቆርቆሮ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ቆርቆሮ የምለው የቤት ክዳኑን ሳይሆን ብረቱን ነው። የዚህ ብረት ኦክሳይድ ከልባሱ ጋር ሲደባለቅ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፤ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሆኖ በልባሱ ውስጥ ይበተንና ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይመልሰዋል። ስለዚህ ልባሱ እንደ ወተት ነጭና ብርሃን የማያሳልፍ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ቢጫማ ገላም ጨርሶ አይታይም። የባስራ ሰዎች መንገድ ይህ ነበር። የቻይና ዕቃ ወደዚያ አካባቢ ምን ያህል ይጫን እንደ ነበር ለመገመት፣ በ1998 በኢንዶኔዥያ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ በባሕር ሥር የተገኘውን መርከብ ማሰብ ይበቃል። መርከቡ በምዕራባዊው ሕንድ ውቅያኖስ ስልት የተሰፋ ሲሆን፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ የቻይና ሸክላዎችን እንደ ጫነ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የሰጠመ ነው፤ ከተገኙት ሳህኖች አንዱ የ826 ዓመት ቀን ተጽፎበታል። ከ836 እስከ 892 የአባሲዶች ሥርወ መንግሥት መናገሻ በነበረችው በኢራቋ ከተማ በሳማራ በተካሄደ ቁፋሮም የቻይናው ዕቃና የአገሩ አምሳያ በአንድነት ተገኝተዋል።

ነጭነቱ ከቅብ ከሆነ ልባሱ ራሱ ቀለም የለውም። ሸክላ ሠሪው ቀላ ያለውን ሳህን በነጭ አፈር ቅብ ይሸፍነዋል፣ ሥዕሉን ወይም ጽሑፉን በላዩ ያሰፍራል፣ ከዚያም እርሳስ በተባለው ብረት የተሠራ ብርሃን አሳላፊ ልባስ ያደርግበታል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በሳማኒዶች ሥርወ መንግሥት ግዛት፣ በኒሻፑርና በሰመርቃንድ፣ የተለመደው አሠራር ይህ ነው። ለመለየት የተሸረፈውን ከንፈር አጉልተው ይመልከቱ፤ ከቀዩ ገላ በላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር፣ ከእርሱም በላይ የሚያብረቀርቅ መስታወት ካዩ ነገሩ ተረጋግጧል። የቆርቆሮ ልባስ ግን እንዲህ ለሁለት አይከፈልም፤ ነጩና የሚያብረቀርቀው አንድ ንብር ነው።

ነጭነቱ ከገላው ከሆነ ደርሰን የምናገኘው ሦስተኛውን መንገድ ነው። ከካሻን ታዋቂ የሸክላ ሠሪዎች ቤተሰብ የተወለደው አቡል ቃሲም ስለዚህ አሠራር በ1301 በጻፈው ድርሳን መጠኑን በግልጽ አስቀምጧል፤ 10 እጅ ኳርትዝ የተባለው ድንጋይ ተፈጭቶ፣ 1 እጅ የተፈጨ መስታወት፣ 1 እጅ ነጭ አፈር። ኳርትዙ ነጭነቱን፣ መስታወቱ በእሳት ውስጥ መያያዙን፣ አፈሩ ደግሞ በእጅ የመቀረጽ ባሕርዩን ይሰጣሉ። አፈሩ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይህ ሊጥ በመንኮራኩር ላይ እንደ ልብ አይታዘዝም፤ ብዙ ሳህኖች በቅርጽ ማውጫ የተጫኑትም ለዚህ ነው። ትርፉ ግን ትልቅ ነው። ግድግዳው ቀጥኖ ብርሃን እስከሚያሳልፍ ድረስ ሊሠራ ይችላል፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በኢራን ግድግዳቸው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበስቶ፣ ቀዳዳዎቹ ቀልጦ በወረደው ልባስ የተደፈኑ ሳህኖች ተሠርተዋል። እንዲህ ያለውን ሳህን ከጀርባው ብርሃን ባለበት ማዕዘን ቢያዩት ነጠብጣቦቹ ይበራሉ። በእኔ ዓይን ከቻይናው ነጭ ጋር ተወዳድረው በራሳቸው መንገድ የደረሱት እነዚህ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ቀለሙ ከልባሱ በታች፣ በውስጡ ወይስ በላዩ እንደ ሆነ ይለዩ

አንድ ቦታ ቆመው ራስዎን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘንብሉ፤ የመብራቱም ነጸብራቅ በሳህኑ ገጽ ላይ ሲሄድ ይከተሉት። ነጸብራቁ በተሳለው መስመር ላይ ሳይቋረጥ ካለፈ ቀለሙ ከልባሱ በታች ነው። ነጸብራቁ መስመሩ ላይ ሲደርስ ከደበዘዘ ወይም ጥቂት ከተነሣ ቀለሙ ከልባሱ በላይ ነው። መስመሩ ጠርዙ ረግቦ፣ በእርጥብ ወረቀት ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም የተሰራጨ ከመሰለ ደግሞ በልባሱ ውስጥ ሰርጓል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በቀጥታ ከደረጃ 2 የሚከተል ነው። የባስራው ሠዓሊ በነጩ የቆርቆሮ ልባስ ላይ በኮባልት ሰማያዊ ሲስል፣ ልባሱ ሲቀልጥ ቀለሙ አብሮት ይሰርጋል፤ ስለዚህ የዘንባባ ቅጠሎቹና አጫጭር ጽሑፎቹ ለስላሳ ጠርዝ አላቸው። የኒሻፑሩ ሠዓሊ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት፤ የእርሳስ ልባስ ሲቀልጥ በጣም ስለሚፈስ ከሥሩ ያለውን ቀለም ይዞት ይሄዳል። መፍትሔው ቀለሙን ከአፈር ጋር ለውሶ መቀባት ሆነ። ጥቁሩ በማንጋኒዝ፣ ቀዩ በብረት የበለጸገ አፈር እየተደረገ ጥቅጥቅ ያለ ቀለም ይሠራል፤ ይህም ከገጹ ላይ ሳይነቃነቅ ስለሚቆይ የጽሑፉ ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት የጠራ ይሆናል። በካሻንና በሶርያዋ ራቃ ግን ከእጽዋት አመድ በሚገኝ ጨው የተሠራው ልባስ ብዙም ስለማያፈስ፣ ሠዓሊው እንደ ብራና ጸሐፊ በቀጭን ብሩሽ ከልባሱ ሥር በነፃነት መሳል ቻለ።

ቀለሞቹ ራሳቸው ስለ ልባሱ ይናገራሉ። መዳብ በእርሳስ ልባስ ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል፤ በእጽዋት አመድ ልባስ ውስጥ ደግሞ ደማቅ የፈረዝ ቀለም፣ ማለትም በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያለውን ቀለም ይሰጣል። ጥቁር ሥዕል ከፈረዝ ቀለም ልባስ በታች ካዩ የ12ኛው ወይም የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሶርያን ወይም ኢራንን ያስቡ። ለካሻን ሰማያዊ የሚሆነው ኮባልት ከከተማዋ አጠገብ ካለችው ከቃምሳር ይመጣ ነበር።

ከልባሱ በላይ ከሚሠሩት ጌጦች ታላቁ ላስተር የሚባለው ብረታማ ነጸብራቅ ነው። የብርና የመዳብ ውሕዶች ከቀላ አፈር ጋር ተለውሰው፣ አስቀድሞ ተተኩሶ በቀዘቀዘ ልባስ ላይ ይሳላሉ፤ ከዚያም ሳህኑ ወደ ምድጃ ተመልሶ ከመጀመሪያው በጣም ባነሰ ሙቀት፣ አየር በተነፈገውና ጭስ በበዛበት እሳት ይያዛል። ጭሱ ከውሕዶቹ ኦክስጅንን ይነጥቃቸዋል፤ ንጹሑም ብረት እጅግ ስስ ንብር ሆኖ በልባሱ ገጽ ላይ ይቀራል። ሳህኑ ሲወጣ ጥቁር አፈር የለበሰ ነው፤ ሲጠረግ ግን ወርቅ የሚመስለው ሥዕል ይገለጣል። እሳቱ ጥቂት ቢያልፍ ወይም ቢያንስ የወራት ድካም ይጠፋል፤ ለዚህም ይመስለኛል የላስተር ባለሙያዎች ስማቸውን በሥራቸው ላይ ከሌሎች ይልቅ ደጋግመው የጻፉት። ሥራው መጀመሪያ በመስታወት ላይ የተለመደ ነበር፤ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በኢራቅ ወደ ሸክላ ተሸጋገረ፤ ኋላም የፋጢማዶች ሥርወ መንግሥት ወደሚገዛት ግብፅ፣ ወደ ሶርያና ወደ ካሻን ሄደ።

ሌላው ከላይ የሚሠራ ጌጥ ሚናኢ ይባላል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በካሻን የተሠራ ሲሆን፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭና ወርቅን የመሰሉ በብርቱ እሳት የሚጠፉ ቀለሞች በተተኮሰ ልባስ ላይ ተስለው በሁለተኛ ቀላል እሳት የሚጣበቁበት ነው። አቡ ዘይድ የተባለው የካሻን ሠዓሊ የፈረመበትና የ1186 ቀን ያለው የሚናኢ ሳህን በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል።

ደረጃ 4፦ ጽሑፉን ይከተሉ

ዐረብኛ የማያነብ ሰው ይህን ደረጃ እንዳይዘለው አደራ እላለሁ፤ ግዕዝንና አማርኛን የሚያውቅ ሰው ከሚያስበው በላይ ቅርብ ነውና። በሳህኖቹ ላይ በብዛት ከሚደጋገሙት ቃላት አንዱ «በረካ» ነው፤ የእኛው በረከት። ሌላው «ሰላማ» ነው፤ ከሰላም ጋር አንድ ሥር ያለውና ደኅንነትን የሚመኝ። ሦስተኛው «ዩምን» መልካም ዕድል ማለት ሲሆን፣ በግዕዝ ቀኝን ከሚያመለክተው «የማን» ጋር ይዛመዳል።

የኒሻፑር ጽሑፍ ኩፊ በሚባለው ቀጥ ባለና ማዕዘን በበዛበት አጣጣል የተጻፈ ነው። ረጃጅሞቹን ቋሚ ፊደላት ይፈልጉ፤ ሁለት ቋሚዎች ተቀራርበው ሲደጋገሙ ብዙውን ጊዜ «አል» የሚለው መስተአምር ነው፤ ቃሉም ከዚያ ይጀምራል። ንባቡ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ሳህኑን ወይም ፎቶግራፉን በዚያው አቅጣጫ እየተከተሉ ያዙሩ። በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው፣ ስፋቱ 45.7 ሴንቲሜትር የሆነው የ10ኛው ክፍለ ዘመን የኒሻፑር ሳህን «ከሥራ በፊት ማቀድ ከጸጸት ይጠብቅሃል፤ መልካም ዕድልና ሰላም» ይላል። በሉቭር ያለው ሌላ ሳህን ደግሞ ዕውቀት ጣዕሙ በመጀመሪያ መራራ እንደ ሆነ፣ በመጨረሻው ግን ከማር ይልቅ እንደሚጣፍጥ ይናገራል። ጥቁሩ ጽሑፍ ባዶ በተተወው ሰፊ ነጭ ዙሪያ ሲሄድ የሚሰጠው ጸጥታ በቃል ለመግለጽ ያስቸግራል፤ ነጩ እዚህ ላይ ብራና ሆኗል።

የማይነበብ ጽሑፍም ያጋጥማል። አንዱ ቃል ተደጋግሞ ከመጻፉ የተነሣ ፊደላቱ ያጥራሉ፣ ይዋሃዳሉ፣ በመጨረሻም ወደ ንጹሕ ጌጥ ይለወጣሉ። ይህን ሲያዩ «ሠሪው መሃይም ነበር» ብለው አይደምድሙ፤ «ጽሑፍ መሰል ጌጥ» ብለው ብቻ ይመዝግቡ።

በካሻን ሳህኖች ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ አለ። በተያያዘና በፈጠነ አጣጣል የፋርስ ግጥሞች በከንፈሩ ዙሪያ ይጻፋሉ፤ አንዳንዴም የሠሪው ስምና የሂጅራ ዓመት ይከተላሉ። የሂጅራውን ዓመት በግምት ለመለወጥ በ0.97 ያባዙና 622 ይደምሩ። በዋሽንግተን ፍሪር ጋለሪ የሚገኘውና ሸምስ አድ ዲን አል ሐሰኒ የፈረመበት የላስተር ሳህን ጀማደ አኺር 607 የሚል ቀን አለው፤ 607 በ0.97 ሲባዛ 588.8 ገደማ ይሆናል፣ 622 ሲደመርበት ወደ 1210 መጨረሻ ይደርሳል። በእኛ አቆጣጠር 1203 ዓመተ ምሕረት ነው።

ደረጃ 5፦ ሥዕሉን በራሱ ሕግ ያንብቡ

የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን እያየ ያደገ ሰው በሚናኢና በላስተር ሳህኖች ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ሲያይ፣ በራሳቸው ዙሪያ ያለው ክብ አክሊለ ብርሃን ይመስለዋል። እዚህ ግን ክቡ ቅድስናን አያመለክትም። መስፍኑም፣ አገልጋዩም፣ ሙዚቀኛውም ይኸው ክብ አላቸው፤ ሠዓሊው ፊታቸውን ከተጨናነቀው ጌጥ ለይቶ የሚያወጣበት ስልት ነው። ፊታቸው እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ መሆኑም የዘመኑ የቁንጅና መለኪያ ነው።

ነገር ግን ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ «እስላማዊ ሸክላ» ሲባል ክርስቲያናዊ ነገር ፈጽሞ አይገኝበትም ብሎ ማሰብ። በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘውን፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በግብፅ የተሠራ የላስተር ሳህን ይመልከቱ። በመሐሉ ቆብ የደፋ አንድ የኮፕት ካህን ጽና ይዞ ቆሟል፤ በአጠገቡም ከጥንታዊው የግብፅ የሕይወት ምልክት የተወሰደው የኮፕቶች ባለ ቀለበት መስቀል ተስሏል። በውጩ ያለው ፊርማ «ሳዕድ» ይላል። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን የምታስመጣው ከእስክንድርያው መንበር ነበር፤ ስለዚህ በሳህኑ ላይ ያለው ካህን ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ የጽናውም ሰንሰለት አያያዝ እንኳ የታወቀ ነው። ሳህኑን ማን እንዳሠራው አልተጻፈም። ሥራው ግን በፋጢማዶች አገዛዝ ሥር አንድ የእጅ ባለሙያ ለተለያዩ ሃይማኖቶች ተከታዮች ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል፤ «እስላማዊ» የሚለው መጠሪያም የአገዛዙንና የባህሉን ክልል እንጂ የእያንዳንዱን ሳህን እምነት አይገልጽም።

ሥዕሉን ሲመዘግቡ መጀመሪያ የሚያዩትን ብቻ ይጻፉ፤ «ሁለት ሰዎች በኩሬ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ በመካከላቸው ዛፍ አለ» ማለት ይበቃል። «ንጉሥና ንግሥት» የሚለው ትርጓሜ ነው፤ በሌላ መስመር ይስፈር።

ደረጃ 6፦ ጉዳቱንና ጥገናውን ይለዩ

በሳህኑ ውስጥ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ሦስት ትናንሽ ጠባሳዎች ካዩ አይደንግጡ። ሳህኖቹ በምድጃ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ሲደረደሩ በመካከላቸው ባለ ሦስት እግር የሸክላ መለያያ ይገባ ነበር፤ የእግሮቹ ጫፍ የነካው ቦታ ልባሱን ይቆርሰዋል። ይህ የሥራው ምልክት ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን የቀስተ ደመና ነጸብራቅ ነው። ልባስ በእርጥብ አፈር ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲቀበር ገጹ በስስ ቅርፊቶች ይከፋፈልና እንደ ዘይት በውኃ ላይ ኅብረ ቀለም ያሳያል። ላስተር አይደለም። ላስተር የሥዕሉን መስመር ይከተላል፤ የመቀበር ነጸብራቅ ግን መስመሩን ሳያከብር በባዶውም በተሳለውም ላይ ይሄዳል፣ ሲነኩትም ይላጣል።

ሚናኢ ሳህኖች በተለይ በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገበያው ሲያሻቅብ ነጋዴዎች ከተለያዩ ሳህኖች የተገኙ ስብርባሪዎችን አንድ አድርገው ይገጣጥሙ፣ ክፍተቱንም በአዲስ ቀለም ይሸፍኑ ነበር። መስመሩ በስብራቱ ላይ ያለ አንዳች መዛነፍ ካለፈ፣ ወይም የአንድ ሰው ፊት ከሌሎቹ ተለይቶ ከበራ ይጠርጥሩ። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አዲሱ ቀለምና ማጣበቂያ ከአሮጌው ልባስ በተለየ ሁኔታ ያበራል። ሳህን ሊገዛ የሚያስብ ሰው የት እንደ ተገኘና በማን እጅ እንዳለፈ የሚያስረዳ ሰነድ ካላየ አይግዛ፤ ያለ ፈቃድ ከተቆፈሩ ቦታዎች የወጣ ዕቃ ታሪኩን ቀድሞ አጥቷል።

ደረጃ 7፦ መዝገቡን ይጻፉ

መዝገቡ ያለፉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይይዛል። ከላይ የጠቀስኩት የኒሻፑር ሳህን ለምሳሌ እንዲህ ሊመዘገብ ይችላል፦ «ጎድጓዳ ሳህን፤ ከፍታ 17.8፣ ስፋት 45.7 ሴንቲሜትር። ገላው ሸክላ። ነጭነቱ ከቅብ፤ ልባሱ ብርሃን አሳላፊ። ጌጡ ከልባስ በታች፣ በጥቁር አፈር ቀለም፤ ጠርዙ የጠራ። በግድግዳው ዙሪያ አንድ መስመር የኩፊ ጽሑፍ፣ የሚነበብ። ሥዕል የለም። ግምት፦ ምሥራቅ ኢራን፣ 10ኛው ክፍለ ዘመን።» ግምቱን ከጻፉ በኋላ ብቻ የሙዚየሙን መግለጫ ያንብቡና ያመሳክሩ። ልዩነት ካለ ተመልሰው ደረጃ 2ን ይመርምሩ፤ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

በኢትዮጵያ ምድር ገል ቢያገኙ

በድሬዳዋና በሐረር መካከል በምትገኘው በሐርላ ከ2015 ጀምሮ በተካሄደ ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ፍርስራሽና ከየመንና ከቻይና ጭምር የመጡ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ስለዚህ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በማሳ ወይም በጎርፍ መውረጃ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ልባስ ያለው ገል ማግኘት የማይሆን ነገር አይደለም። ካጋጠመዎት ገሉ የወደቀበትን ቦታ ሳያናውጡ በቅድሚያ ከሩቅ፣ ቀጥሎም ከቅርብ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ለመጠን ማመሳከሪያ አንድ ሳንቲም ከጎኑ ያስቀምጡ። ውስጡን፣ ውጩንና በተለይም የተሰበረውን ጠርዝ ለየብቻ ያንሡ፤ ገላው፣ ቅቡና ልባሱ በአንድነት የሚታዩት በጠርዙ ላይ ነውና። ገሉን አያጥቡት፣ ወደ ቤትም አይውሰዱት። ቦታውን በትክክል ጽፈው ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ፤ ገሉ የተገኘበት የአፈር ንብር ከገሉ እኩል ማስረጃ ስለሆነ፣ በዙሪያው አንድ ክንድ ያህል እንኳ መቆፈር የለበትም።